የረቡዕ ዕረፍቴን ለስድስት ኪሎ ሙዚየም ሰጠሁት

ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ማዋለጃ ክፍል ነው። ከአዳር ስወጣ የማገኛት የዕረፍት ቀን አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍና በልብስ አጠባ ታልቃለች። ባለፈው ረቡዕ ግን እማዬ ከደሴ መጥታ ነበርና ቤት ላስቀምጣት አልፈለግኩም። ከመገናኛ የአራት ኪሎ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ ለእማዬ ጋቢና ቦታ ለቀቀላት፣ "እማማ፣ እዚህ ይመችዎታል" ብሎ። ቀናችን ከዚያ ጀምሮ ጥሩ ነበር።

አራት ኪሎ ወርደን ዝም ብለን ወደ ላይ ወጣን። ማንም የሚጠብቀን ሰው የለም። እማዬ መንገድ ዳር የተዘረጉ መጻሕፍት ባየች ቁጥር ትቆማለች። ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ ስንደርስ "ድንቅነሽ እዚህ ናት አይደል?" አለችኝ። ናት። ግን በአንድ ቀን ሁለት ሙዚየም ማየት ለእግርም ለዓይንም ይከብዳል ብዬ አለፍናት።

ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት ሥር ትንሽ ቆምን። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። የ1929ኙ እልቂት መነሻ የሆነው ቦምብ የተወረወረው አሁን ወደምንገባበት ግቢ ውስጥ እንደሆነ ነገርኳት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ የወረወሩት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ሙዚየሙም ያለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይባላል።

በር ላይ ተፈትሸን ገባን። ዛፎቹ ብቻ ሊያስቀምጡህ ይችላሉ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። እማዬ በጣቷ ቆጠረችው፤ አስራ አራት። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ከድሉ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ይህን ስነግራት እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ አንበሳውን አየችና "እሰይ! ደግ አደረጉ" አለች። ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤ አጠገባችን የነበሩ ተማሪዎች ዞረው ፈገግ አሉላት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ሙዚየም የሚለየው በአቀማመጡ ነው። ዕቃውን በክልል ወይም በብሔረሰብ ከፋፍሎ አይደረድርም። የሰውን ዕድሜ ይከተላል። ከልደትና ከልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስናና ሥራ ያልፋል፣ መጨረሻው ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ከደቡብ የመጣው ዕቃ ከሰሜኑ ጎን ይቆማል፤ ሁለቱም ለአንድ የሕይወት ጉዳይ የተሠሩ ናቸውና። እኔ በየቀኑ አራስ ልጅ ከእናቱ ደረት ላይ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ እግሬ ተተከለ።

እማዬ ደግሞ አንቀልባ አየች። ቆዳው በዕድሜ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል ተሰፍቶበታል። መስታወቱ ላይ ተጠግታ ማሰሪያውን አየችው። "አንቺን በእንዲህ ያለው ነው ያዘልኩሽ፤ የአያትሽ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ማሰሪያው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ልጁ አንገቱ እንዳይወድቅ ቆዳው እስከ የት እንደሚሳብ በራሷ ነጠላ እያሰረች አሳየችኝ። አራስ እንዴት እንደሚያዝ ለእናቶች የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር። ሁለት ወጣቶችም ቆመው ሰሟት። እዚያ ክፍል ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየን።

የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ መኝታ ቤትም እዚያው ነው። እማዬ ልጅ ሳለች ጃንሆይ በመኪና ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆማ እጅ ነስታለች። እዚህ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። "ሰው ቤት ሳይጠሩን የገባን መሰለኝ" አለች። መስታወቱ ላይ ያለው የጥይት ቀዳዳ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የቀረ ነው ይባላል። ከዚያ ሙከራ በኋላ ዓመት ቆይቶ ነው ጃንሆይ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት።

ከላይ ያሉትን የሥዕልና የመስቀል ክፍሎች በችኮላ አትዩ። እኔ በምንም የማልተካቸው እነሱን ነው። እማዬ በየሥዕሉ ፊት ቀስ ብላ አማተበች፣ እኔም ዝም ብዬ ተከተልኳት። በገናና ማሲንቆ ያሉበት የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍልም አለ፤ ደክሞን ስለነበር ቶሎ ወጣን። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደረጃ እንዳለው አስቡ፣ በየመሃሉ አረፍ በሉ።

ምሳ በያይነቱ በላን። ጎመኑ ለስላሳ፣ ሽሮው ከሸክላው ላይ እየተንተከተከ የመጣ። ያልተመቸን ከዚያ በኋላ የገባንበት ኬክ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። "የጾም ነው?" ብዬ ሁለቴ ጠይቄ "አዎ" ተብዬ ነው ያዘዝኩት። እማዬ አንድ ጊዜ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። ቅቤ ነበረው። አስተናጋጇን ስጠራት "ያው ነው፣ ትንሽ ነው" አለችኝ። ለሚጾም ሰው ትንሽ የሚባል ነገር የለም፤ አለማወቅ ከሆነ "አላውቅም" ማለት ይቻላል። በጣም ነው ያዘንኩት። እማዬ ግን "ተይ ልጄ፣ ሳናውቅ ነው" ብላ እጄን ይዛ አስወጣችኝ። መንገድ ዳር ጀበና ቡና አገኘን፤ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት። በትንሿ ዱካ ላይ ተቀምጠን እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ቆየን።

ሙዚየሙን ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ ሁለት ሰዓት ያህል መድቡለት። ከተቻለ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሷ ታስጎበኛችኋለች።

የሚቀጥለው ዕረፍቴ ማክሰኞ ነው። እማዬ ወደ ደሴ የምትመለሰው ሐሙስ ስለሆነ ድንቅነሽን ማክሰኞ እናያታለን። ጾም ስላልሆነም ኬክ አለብኝ።