ያገለገለ ቤላሩስ 80 ትራክተር፦ «ጎትተህ ታስነሳዋለህ» ላሉኝ ሁሉ

የሞተሪኖውን (የማስነሻ ሞተሩን) ድካም ሻጩ ሳይደብቅ ነግሮኛል። ደላላው ነው «ምን ያስጨንቅሃል፣ ጎትተህ ታስነሳዋለህ» ያለኝ። እስኪ በክረምት ወደ ወንጂ መውጫ ካለው መረሬ ማሳ ውስጥ ገብተህ ጎትተህ አስነሳልኝ!

በደረቅ መሬት ያለው እውነት ነው። ከፍ ያለ ማርሽ ታስገባለህ፣ ፍሪሲዮን (ክላች) ረግጠህ ትጎተታለህ፣ ፍጥነት ሲይዝ ቀስ ብለህ ትለቃለህ። ሲነሳ ወዲያው መልሰህ መርገጥ ነው፤ አለዚያ ከፊትህ ያለውን ጎታች ትገጨዋለህ። በዝቅተኛ ማርሽ ከሆነ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አይዞርም። 4.75 ሊትር ናፍታ ሞተር ነው፣ አየሩን 16 ለ 1 ያምቃል፤ ያንን እምቅታ የሚያሸንፈው መሬት የያዘ ጎማ ብቻ ነው።

ጭቃ ላይ ግን ጉዱ ሌላ ነው። ግራው ጎማ ደረቅ ቦታ፣ ቀኙ ዋልካ ውስጥ ነበር። ፍሪሲዮን ስለቅ ግራው ወደ ፊት ሄደ፣ ቀኙ ወደ ኋላ ዞረ! ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። የሚጎትተኝ ጎረቤቴ «ዲፈረንሻሉ ተበልቷል» ብሎ ደነገጠ። ምንም አልተበላም። ዲፈረንሻል ሁለቱን ጎማዎች ለየብቻ ያዞራል፣ ወደ ሞተሩ የሚያልፈው የሁለቱ አማካይ ነው፤ አንዱ ወደ ፊት የሄደውን ያህል ሌላው ወደ ኋላ ከዞረ ለሞተሩ የሚተርፍ ነገር የለም።

«ታዲያ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ እንዲዞሩ የሚያስረውን መቆለፊያ አታስገባም?» የሚለኝ ሻጭ አይጠፋም። ወንድሜ፣ የዚህ ትራክተር የዲፈረንሻል መቆለፊያ የሚሠራው በመሪው ዘይት ግፊት ነው። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ካልተነሳ መቆለፊያ የለም፤ መሪውም ድንጋይ ነው።

ያዳነኝ ፍሬኑ ነው። የግራና የቀኝ ፔዳሎቹን ማያያዣ ፈትቼ የቀኙን ብቻ ረገጥኩ። ወደ ኋላ የሚዞረው ጎማ ሲያዝ የግራው ዙር ግማሹ ወደ ሞተሩ አለፈ፣ ጭሱን ተፍቶ ተነሳ። በዚህ ትራክተር እንደዚያን ቀን ኮርቼበት አላውቅም። ማረሱ፣ ጋሪ መጎተቱ እንዳለ ነው፣ ምንም አልጎደለበትም።

አልሸጠውም። የምትገዙ ግን የሞተሪኖውን ዋጋ ከሽያጩ አስቀንሱ። ደላላው «ይጎተታል» ካላችሁ ዝናብ የዘነበ ዕለት ማሳ ውስጥ አስነስቶ ያሳያችሁ።