ክሮፊሽ በቅቅል ወይስ ሸርጣን በእንፋሎት?

በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ፀደይ ሲመጣ ለክሮፊሽ (ትንሽ ሎብስተር ለሚመስል ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ) ትልቁ ድስት ግቢ ውስጥ ይጣዳል። ውሃው ጨው፣ የሚያቃጥል በርበሬ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። ድንቹ ይቀድማል፤ በቆሎና ቋሊማ ይከተላሉ። ክሮፊሹ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ዋናው ሥራ ያለው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ለ20 ደቂቃ ያህል እዚያው ተዘፍዝፎ ቅመሙን ይጠጣል። ይህን ከዘለላችሁ ቅርፊቱ ጣት ያቃጥላል፣ ሥጋው ግን አልጫ ነው።

ሜሪላንዶች ሰማያዊ ሸርጣናቸውን ውሃ ውስጥ አይነክሩም። ከሥር ውሃና አቼቶ ይፈላል፤ ሸርጣኑ ከላይ ተደርድሮ ቅመም በደንብ ይነሰነስበታል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ታዋቂውን ኦልድ ቤይ ቅመም ባልቲሞር ውስጥ የቀመመው ከናዚ ጀርመን የሸሸው ጉስታቭ ብሩን ነው።

አቀራረቡ ይመሳሰላል፦ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይነጠፋል፣ ሁሉም በእጁ ይበላል። ለሸርጣኑ የእንጨት መዶሻ ያስፈልጋል።

ለአፓርታማ ኩሽና እኔ እንፋሎቱን እመርጣለሁ። ውሃው ትንሽ ነው፣ የሸርጣኑም ጣፋጭነት አይታጠብም። ለብዙ ሰው ግን የሉዊዚያናው ድስት አንድ ሙሉ ማዕድ ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ ሐበሾች አንድ ነገር ልጨምር። ሸርጣን የማይበላ ኦርቶዶክስ እንግዳ ካለ የሉዊዚያናው ድስት ድንቹንም ያስቀርበታል፤ ሁሉም የበሰለው በአንድ ውሃ ነው። በሜሪላንዱ በቆሎው ለብቻው ስለሚቀቀል እንግዳውም በቆሎውን እየበላ ከማዕዱ አብሮ ይቀርባል።