የነዳጅና የጋዝ ማቀነባበሪያ በየትኛው ውል ይገንባ? ቁርጥ ዋጋ፣ የግንባታ አስተዳደር ወይስ በወጪ ልክ

የጋዝ ማቀነባበሪያ ወይም የነዳጅ ማጣሪያ ለማስገንባት የተነሳ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኩባንያ ስም ነው። ማን ትልቅ ነው? ማን በአነስተኛ ዋጋ ይሠራል? ከዚህ በፊት ምን ሠርቷል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ተራቸው ግን ሁለተኛ ነው። በቅድሚያ መወሰን ያለበት ሥራው በየትኛው የውል መንገድ ይሰጥ የሚለው ነው። በአንዱ የውል ዓይነት የተዋጣለት ተቋራጭ በሌላው ሲገባ ሊከስር፣ ባለቤቱንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል። በጨረታ ሰነዶች ላይ ወራት የሚያጠፉ ድርጅቶች ይህን ውሳኔ በአንድ ስብሰባ ሲጨርሱት ማየት ያሳዝነኛል።

በሰፊው የሚሠራባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው፣ አንድ ተቋራጭ ዲዛይኑን፣ የዕቃ ግዥውንና ግንባታውን በቁርጥ ዋጋ ጠቅልሎ ይወስድና ለሥራ ዝግጁ የሆነ ማቀነባበሪያ ያስረክባል። በሁለተኛው፣ አንድ የምህንድስና ድርጅት ዲዛይኑን ይሠራል፣ በባለቤቱ ስም ዕቃ ይገዛል፣ ግንባታውንም ያስተዳድራል፤ የሲቪል፣ የብረታ ብረት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ ውሎችን የሚፈርመው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። በሦስተኛው፣ ተቋራጩ እንደ መጀመሪያው ሁሉንም ሥራ ይይዛል፤ የሚከፈለው ግን በሠራው ሰዓትና ባወጣው ወጪ ልክ፣ ከተስማሙበት የአገልግሎት ክፍያ ጋር ነው።

ዲዛይኑ ምን ያህል በስሏል?

ምርጫውን ከምንም በላይ የሚወስነው ይህ ነው። ኤኤሲኢ ኢንተርናሽናል የተባለው የወጪ ምህንድስና ማኅበር ለዚህ ዘርፍ ባወጣው ምደባ የዋጋ ግምቶችን ከ5ኛ እስከ 1ኛ ደረጃ ይከፍላቸዋል። 5ኛው ደረጃ የፕሮጀክቱ ዝርዝር ከ2 በመቶ ሳይበልጥ ሲታወቅ የሚወጣ ነው፤ እውነተኛው ወጪ ከግምቱ በላይ ሊሄድ የሚችልበት ጫፍ ከ30 እስከ 100 በመቶ ይደርሳል። 3ኛው ደረጃ ዝርዝሩ ከ10 እስከ 40 በመቶ ሲደርስ የሚሠራ ሲሆን ጫፉ ወደ 10 እና 30 በመቶ መካከል ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ በጀት የሚጸድቀው በዚህ በ3ኛው ላይ ነው።

በ5ኛ ደረጃ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ቁርጥ ዋጋ የሚጠየቅ ተጫራች ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ስጋቱን ሁሉ ዋጋው ውስጥ ይጨምራል፤ ወይም ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያሸንፍና ጉድለቱን በለውጥ ትዕዛዝ፣ ማለትም ከፊርማ በኋላ ለተቀየረ ሥራ በሚጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ፣ ይሞላል። በሁለቱም ከፋዩ ባለቤቱ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ለመነሻ ዲዛይን የሚያስፈልጉትን ወራት ለመቆጠብ የሞከረ ድርጅት በኋላ በክርክር ዓመታት ያጣል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። ወደ ማቀነባበሪያው በሚገባው ጋዝ ውስጥ ምን ያህል ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ማለትም መርዛማና ብረት የሚጎዳ ጋዝ፣ አለ? ይህ ቁጥር ከውሉ ፊርማ በኋላ ከፍ ቢል የሚለወጠው ጋዙን የሚያጣራው የአሚን ክፍል መጠን ብቻ አይደለም። ለቧንቧዎችና ለግፊት ታንኮች የሚመረጠው ብረት እንዲህ ላለው ጋዝ በወጣው አይኤስኦ 15156 መስፈርት መሠረት እንደገና ይታያል፤ የብየዳው ጥንካሬ ወሰንና የቫልቮቹ የውስጥ አካል ይለወጣሉ፤ የጋዝ ጠቋሚዎቹ ብዛትና የሠራተኛው ማምለጫ መንገድ ሳይቀር ይቀየራል። ይህን ቁጥር በእርግጠኝነት የማያውቅ ባለቤት ቁርጥ ዋጋ ባይጠይቅ ይሻለዋል።

ቁርጥ ዋጋ፦ የሚሠራበትና የማይሠራበት

የቁርጥ ዋጋ መስህብ ግልጽ ነው። ባንኮች ይወዱታል፤ ተጠያቂው አንድ ነው፤ መዘግየት ካለ ካሳው በውሉ ላይ ተጽፏል። በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት በአሜሪካ ሉዊዚያና የሚገኘው የሳቢን ፓስ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሼኒየር የተባለው ባለቤት ቤክቴል ከተባለው ተቋራጭ ጋር በቁርጥ ዋጋ ውል ተስማምቶ ስድስት የማምረቻ መስመሮችን አስገንብቷል። የመጀመሪያው ጭነት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ወጣ፤ ስድስተኛው መስመር ደግሞ በየካቲት 2022 ተጠናቀቀ። ምስጢሩ ድግግሞሹ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ዓይነት ዲዛይን፣ አንድ ተቋራጭ፣ አንድ ቦታ፤ በአንደኛው መስመር የተገኘው ትምህርት ለሁለተኛው ይተርፋል፣ ተጫራቹም የሚያውቀውን ነገር ስለሚዋዋል ዋጋው ውስጥ የሚከተው ፍርሃት ያንሳል።

ከዚያው አካባቢ፣ ከወንዙ ማዶ በቴክሳስ በኩል፣ የተቃራኒው ምሳሌ አለ። ጎልደን ፓስ የተባለው ፕሮጀክት ባለቤቶች ካታር ኢነርጂና ኤክሰን ሞቢል ናቸው፤ በዓለም ላይ ከዚህ የጠነከረ አሠሪ ማግኘት ይቸግራል። ግንባታውን እ.ኤ.አ. በ2019 የወሰዱት ቺዮዳ፣ ማክዴርሞትና ዛክሪ በጋራ ነበር። በግንቦት 2024 ዛክሪ በወጪ መናር ምክንያት የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገባ፤ ከፕሮጀክቱም ወጣ። ሥራው በቀሩት ተቋራጮች ቢቀጥልም ጊዜው ተገፋ። ለገዢ ያለው ትርጉም ይህ ነው፦ በውል ያስተላለፍነው ስጋት የሚቆየው ተቋራጩ በእግሩ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ በቁርጥ ዋጋ ሲገባ የተጫራቹን የሒሳብ መዝገብ መመርመር የቴክኒክ ሰነዱን ከመመርመር እኩል ሥራ ነው። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው ብዙ ጊዜ የውሉን 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ ተቋራጩ መሀል መንገድ ላይ ቢቀር ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ይህ ገንዘብ ትንሽ ነው።

የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ ፊዲክ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ብርማው የውል መጽሐፍ ለዚህ መንገድ የተዘጋጀ ነው። መጽሐፉ ራሱ መቼ መጠቀም እንደማይገባ በግልጽ ይናገራል፦ ተጫራቾች የባለቤቱን መስፈርት ለመመርመር በቂ ጊዜ ወይም መረጃ ከሌላቸው፣ ከመሬት በታች የሚሠራው ሥራ ብዙ ከሆነ፣ ወይም ባለቤቱ ግንባታውን በቅርብ መቆጣጠርና አብዛኞቹን ሥዕሎች መመርመር ከፈለገ። የመጨረሻው ነጥብ በቸልታ ይታለፋል። ቁርጥ ዋጋ እየከፈለ እያንዳንዱን ሥዕል ለማጽደቅ የሚፈልግ ባለቤት ለተቋራጩ ያስተላለፈውን ስጋት በገዛ እጁ መልሶ ይረከባል።

የግንባታ አስተዳደር፦ ለማን ይመጥናል?

በናይጄሪያ ሌኪ የተሠራው የዳንጎቴ ማጣሪያ በቀን 650,000 በርሜል የማጣራት አቅም አለው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ማምረት ጀመረ። ባለቤቱ ሥራውን ለአንድ ጠቅላይ ተቋራጭ አልሰጠም። ኢንጂነርስ ኢንዲያ ሊሚትድ ዲዛይኑን፣ የግዥ አገልግሎቱንና የግንባታ አስተዳደሩን ሲይዝ፣ ውሎቹንና የግንባታ መሣሪያዎቹን ባለቤቱ ራሱ ተሸከመ። ይህ መንገድ የተቋራጩን የስጋት ትርፍ ያስቀራል፤ በመሀል የአቅም ለውጥ ማድረግም ያስችላል። በምላሹ የዋጋና የጊዜ መግፋት ሁሉ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ለዚህ የሚበቃ ገንዘብና ትዕግስት ያለው ባለቤት ብዙ አይደለም።

የዚህ መንገድ እውነተኛ ፈተና በውሎች መካከል ያለው ክፍተት ነው። የጋዝ ኮምፕረሰርን፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀውን ማሽን፣ እንውሰድ። ማሽኑ ከታዘዘ በኋላ እስኪደርስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ መሠረቱ ግን ከዚያ አስቀድሞ መፈሰስ አለበት። ኮንክሪቱን ለማፍሰስ የማሽኑ ክብደት፣ ሲሠራ የሚፈጥረው ንዝረትና ማሰሪያ ብሎኖቹ የሚያርፉበት ቦታ በሚሊሜትር መታወቅ አለበት። ይህን የሚሰጠው የማሽኑ አምራች ነው። አምራቹ ሥዕሉን በሁለት ወር ቢያዘገይ የሲቪል ተቋራጩ ሠራተኞቹን ይዞ ይቆማል፤ ለቆመበት ጊዜም ክፍያ ይጠይቃል። በቁርጥ ዋጋ ውል ይህ የተቋራጩ ራስ ምታት ነው። በግንባታ አስተዳደር ውል ሁለቱንም ውል የፈረመው ባለቤቱ ስለሆነ ሒሳቡ ወደ እሱ ይመጣል፤ አስተዳዳሪው ድርጅት ስለ ሁኔታው ሪፖርት ይጽፋል እንጂ ካሳ አይከፍልም።

ስለዚህ መመዘኛዬ ቀላል ነው። ድርጅቱ የሂደት፣ የማሽን፣ የቧንቧ፣ የመቆጣጠሪያ መሣሪያና የውል ባለሙያዎችን በራሱ ደመወዝ ይዞ በየቀኑ ውሳኔ መስጠት ይችላል? ካልቻለ ይህን መንገድ ይተወው።

በወጪ ልክ የሚከፈለው ውል በነባር ማጣሪያ ውስጥ ለሚደረግ ማሻሻያ ይሻላል፤ የድሮው ቧንቧ ሲከፈት ምን እንደሚገኝ ማንም አስቀድሞ አያውቅምና። ለአዲስ ግንባታም ጥሩ አማራጭ አለ፦ ተቋራጩ በወጪ ልክ ይጀምራል፣ የዋጋ ሒሳቡን ለባለቤቱ ክፍት አድርጎ ያዘጋጃል፣ ዲዛይኑ ሲበስል ውሉ ወደ ቁርጥ ዋጋ ይለወጣል። ድርድሩ ባይሳካ ዲዛይኑን ይዞ ወደ ሌላ ተጫራች የመሄድ መብት ግን ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት። ይህ መብት የሌለው ባለቤት የመደራደር አቅም የለውም።

ቦታው ላይ መገንባት ወይስ በሞጁል?

ሞጁል ማለት ማቀነባበሪያውን በትላልቅ ክፍሎች ከፍሎ በሌላ ቦታ በፋብሪካ ሠርቶ፣ በመርከብ አጓጉዞ መግጠም ነው። በሩሲያ የአርክቲክ ዳርቻ በሳቤታ የተሠራው ያማል ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ በዚህ መንገድ ነው የቆመው። ለብየዳ እጅ በማይዘረጋበት ብርድ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ በእስያ የመገጣጠሚያ ጣቢያዎች በመሥራት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የመጀመሪያውን ጭነት ላከ፤ ሦስተኛው መስመርም ከተያዘለት ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ተነሳ። በአውስትራሊያ ባሮ ደሴት ያለው ጎርጎን የተባለው የጋዝ ማምረቻም በሞጁል ነው የተሠራው፤ ወጪው ግን ከ37 ቢሊዮን ወደ 54 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር አሻቅቧል። ሞጁል ብቻውን ዋጋ አያድንም።

የሚያዋጣው ቦታው ሩቅ፣ የአየር ጠባዩ ከባድ ወይም የሠለጠነ ሠራተኛ የማይገኝበት ሲሆን ነው። ዲዛይኑ ቀድሞ እንዲዘጋ ያስገድዳል፤ ተጨማሪ ብረት ይፈልጋል፤ ከወደብ እስከ ግንባታው ቦታ ያለው መንገድና ድልድይ ክብደቱን መቻል አለበት። መንገዱ ሳይለካ የቀረበ የሞጁል ዋጋ ላይ አትመኑ።

ሁለት ዋጋዎችን ጎን ለጎን ማየት

በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ድምር ብቻውን ምንም አይነግርም። መጀመሪያ መነበብ ያለበት ተጫራቹ "አይጨምርም" ብሎ የዘረዘረው ገጽ ነው። ለማስጀመሪያ የሚያስፈልገው መለዋወጫ፣ የመጀመሪያው የኬሚካል ሙሌት፣ የአምራቾች ባለሙያዎች ወጪ፣ የተገኘው አፈር ከተገመተው ሲለይ የሚጨምረው ሥራ፤ እነዚህ በእያንዳንዱ ዋጋ ውስጥ መኖር አለመኖራቸው ካልተለየ ንጽጽሩ አልተጀመረም።

ብየዳውን እንደ ምሳሌ እንይ። አስሚ ቢ31.3 የተባለው የማቀነባበሪያ ቧንቧ ደንብ ለተለመደ አገልግሎት ከዙሪያ ብየዳዎች ቢያንስ 5 በመቶው በራዲዮግራፊ (በጨረር በሚነሳ ምስል) ወይም በአልትራሳውንድ እንዲመረመር ይጠይቃል። አንዱ ተጫራች ይህን ዝቅተኛ መጠን፣ ሌላው ደግሞ መርዛማ ጋዝ በሚያልፍባቸው መስመሮች ላይ 100 በመቶ ምርመራ አስቦ ሊሆን ይችላል። በሺህዎች በሚቆጠሩ ብየዳዎች ላይ ልዩነቱ ትልቅ ገንዘብ ነው። ርካሹን ከማወደስ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ የምርመራ መጠን አምጥቶ ማስላት ያስፈልጋል።

የክፍያ ሠንጠረዡም ይታይ። አንዳንዱ ተጫራች ለዲዛይንና ለቅድመ ዝግጅት ከፍ ያለ ዋጋ፣ ለመጨረሻዎቹ የሙከራ ሥራዎች ደግሞ ኢምንት ያስቀምጣል። ገንዘቡን በመጀመሪያ ከሰበሰበ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። በተጨማሪም በሰነዱ ላይ ስማቸው የተጻፈውን የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅና የግንባታ ኃላፊ በአካል አነጋግሩ፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይቀየሩም በውሉ ይጻፍ። ልምዱ ያለው በሰዎቹ ላይ ነው፤ ኩባንያው ምንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን የእናንተን ሥራ የሚመሩት እነሱ ናቸው።

ርክክብ

"ማምረት ጀመረ" እና "ተጠናቀቀ" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሉዊዚያና የካልካሱ ፓስ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ በ18 አነስተኛ የማቀዝቀዣ ሞጁሎች ተሠርቶ፣ የመዋዕለ ንዋይ ውሳኔው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በተሰጠ በ29 ወራት፣ በጥር 2022 ፈሳሽ ጋዝ ማምረት ጀመረ። ፍጥነቱ የሚደነቅ ነው። የንግድ ሥራ መጀመሩ በይፋ የታወጀው ግን በሚያዝያ 2025 ነው፤ በመካከሉ የውል ጭነታቸውን ያላገኙ የረጅም ጊዜ ገዢዎች ወደ ግልግል ዳኝነት ሄዱ። በውላችሁ ላይ ማጠናቀቅ የሚባለው ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ሳይቋረጥ በስንት በመቶ አቅም ሠርቶ እንደሚለካ፣ ካልደረሰ ምን እንደሚከፈል በቁጥር አስቀምጡ።

ጥራት ደግሞ በፋይል ይታያል። በዚሁ በቢ31.3 መሠረት ቧንቧ በውኃ ሲፈተሽ ግፊቱ ከዲዛይኑ ግፊት ቢያንስ 1.5 እጥፍ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የተፈተሸ ክፍል የፈተና ፋይል አለ፦ የትኛው መስመር፣ በየትኛው የግፊት መለኪያ፣ መለኪያው መቼ ተስተካከለ፣ ማን ፈረመ። ዝገት ለማይነካው ብረት የተጠቀሙበት ውኃ የክሎራይድ መጠን ተለክቷል? ከፈተናው በኋላ ውኃው ወጥቶ ቧንቧው በአየር ደርቋል? ታችኛው ጉብጠት ላይ የቀረ ውኃ ብረቱን ከውስጥ መብላት የሚጀምረው ፋብሪካው ገና ሳይነሳ ነው። በጨረታው ወቅት እያንዳንዱን ተጫራች ከዚህ በፊት ካስረከበው ሥራ አንድ እንዲህ ያለ የፈተና ፋይል፣ የደንበኛው ስም ተሸፍኖም ቢሆን፣ እንዲያቀርብ ጠይቁ፤ ማቅረብ ያልቻለው ተጫራች ከቴክኒክ ነጥቡ ይቀነስበት።