አሮጌ የመስክ መኪና ሲረጥብ፦ ላስቲክ፣ ሲሊካ ጄል፣ የጨው ሳጥን ወይስ ማድረቂያ ማሽን?

አሮጌ የመስክ መኪና ያላቸው ወዳጆቼ ዝናብ ሲጀምር ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ አላበው፣ መኪናው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ምን ልግዛ?» መልሴን ከነምክንያቱ ልጻፈው። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ኦርጅናል የበርና የመስታወት ላስቲክ ላይ አውሉት። ከተረፈ እየደረቀ ደጋግሞ የሚሠራ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚስብ ፍሬ) ግዙ። እርጥበት ስቦ ውሃ የሚያጠራቅመውን የጨው ሳጥንና ትንሿን የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ለመኪና አልመክርም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ብዙ ሰው «ጤዛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አሮጌ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ነው። በላስቲክ ሾልኮ ይገባል፣ ከምንጣፉ ስር ይተኛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይተናል፣ ማታ ላሜራው ሲቀዘቅዝ ጣራና መስታወት ላይ ጠብታ ይሆናል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይይዛል። ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የሚይዘው 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የመኪና ውስጥ አየር ደግሞ ጥቂት ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አየሩ ብቻውን ሊያወጣ የሚችለው ውሃ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ማንም ሳያድርበት ጠዋት ጠዋት ፎጣ የሚያረጥብ ውሃ የምትጠርጉ ከሆነ የሆነ ቦታ የተጠራቀመ ውሃ አለ ማለት ነው።

ምንጣፉን አንሡት። ከላይ ሲዳሰስ ደረቅ ሆኖ ከስሩ ያለው ስፖንጅ ሲጨመቅ የሚያንጠባጥብ መኪና ብዙ አይቻለሁ። ወለሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ከታች ገብቶ የሚያይ መካኒክ ቀዳዳ እስኪሆን ድረስ ላያውቀው ይችላል።

ያገኛችሁትን ውሃ በጣት ንኩት። የሚያሟልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ፣ የፊት መስታወቱም ከውስጥ ቅባት ቢጤ ከያዘ፣ ከማሞቂያው ራዲያተር የሚፈስ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። ዝናብ በሌለበት ኤሲ ሲሠራ ብቻ እግር ስር የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ የኤሲው የውሃ መውጫ ቱቦ ተደፍኗል። ሁለቱንም ላስቲክ አይፈታቸውም። የቱቦው መፍትሔ ግን ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ይጸዳል፣ አለቀ።

አሁን ወደ ላስቲክ። ኦርጅናሉ ውድ ነው፤ ዋጋውን ሲሰሙ የሚደነግጡ ሰዎች አይገርሙኝም። ኮፒው በጣም ያነሰ ዋጋ ስላለው እጅ ወደዚያ ይሄዳል። ሒሳቡ የሚበላሸው ግን በእጅ ዋጋ ላይ ነው። የፊት መስታወት ላስቲክ ለመቀየር መስታወቱ መውጣት አለበት። ሲወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከስሩ ዝገት ከተገኘ መፋቅና መቀባት አለበት። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ ያስገባችሁት ኮፒ ሳይቆይ ጥጉ ላይ ቢሰነጠቅ ላስቲኩን፣ የእጅ ዋጋውንና የመስታወቱን ስጋት እንደገና ትከፍላላችሁ። ለፊት መስታወት ኮፒ በነፃ ቢሰጠኝም አላስገባም።

የበር ላስቲክ ላይ ኮፒው ሌላ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ ይደርቃል፣ ወይ ይወፍራል። በሩ አልዘጋ ይላል፣ ሰው በኃይል መምታት ይጀምራል፣ ማጠፊያው ይላላል፣ በሩ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ኦርጅናል ላስቲክ ብታመጡም በሩ ቦታውን ስለለቀቀ አይገጥምም። አንድ ወዳጄ በዚህ መንገድ ከኦርጅናሉ ዋጋ በላይ ለበር ማስተካከያ ከፍሏል።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትሹት። ላስቲኩን አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ጥሩው ወዲያው ይመለሳል፣ መጥፎው የታጠፈበት ነጭ መስመር ይተዋል። ጥጉን እዩ፤ በሙቀት የተያያዘ ነው ወይስ በሙጫ የተጣበቀ? አሮጌውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና የተቆረጠውን ጎን ከጎን አስተያዩት። ቅርጹ በትንሽ ቢለይ እንኳ ውሃው መንገዱን አያጣም። ያገለገለ ላስቲክ ከፈረሰ መኪና ላይ አትግዙ። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሌላ በር ቅርጽ ይዞ ጠንክሯል። ኮፒ የምፈቅደው አንድ ቦታ ነው፦ ቀጥ ባለ የኋላ በር ላይ፣ በሜትር የሚሸጠውን ውስጡ ብረት ያለውን ላስቲክ። እዚያ ተጎትቶ የሚወጣ ስለሆነ የእጅ ዋጋ የለውም።

ሲሊኮን መቀባትስ? ከሁሉም የረከሰው እሱ ነው፤ ከሁሉም የምጠላውም እሱን ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረት ያዝጋል። ቀለምም አይዝበትም፤ በኋላ ላሜራ ሠሪው እያንዳንዷን ቅሪት ካልፋቀ ቀለሙ ይላቀቃል። ለላሜራ መጋጠሚያ ፖሊዩሬቴን የተባለው ማሸጊያ ይሻላል። በላስቲክና በመስታወት መካከል ደግሞ የማይደርቀውን፣ ለስላሳ ሆኖ የሚቀረውን ማሸጊያ ተጠቀሙ።

ላስቲክ ከማዘዛችሁ በፊት በነፃ የሚሠሩትን ሥሩ። የበሩ ታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። የጣራ መስኮት ካለው ጥጎቹ ላይ ያሉትን ቱቦዎች አጽዱ። የበሩን ውስጥ ልባስ አውልቁና ፕላስቲኩን እዩ። ድምፅ ማጉያ የገጠመ ሰው ቀዶት ከሆነ በመስታወቱ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ ወደ እግራችሁ ይመጣል። ወፍራም ፕላስቲክና የቡቲል ቴፕ ይበቃዋል፤ ወጪው ከላስቲኩ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ በጎማ ውሃ ያፍስስ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥባል፣ ምንጩ አይታወቅም። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ትግል የሚወጣበት ቦታ ላስቲኩ ሞቷል።

እስከ 2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተመረተው ላንድሮቨር ዲፌንደር ያላችሁ ከፊት መስታወቱ ስር ያሉትን የአየር መግቢያ ክዳኖች አስቀድሙ። ብዙዎች የፊት መስታወቱን ላስቲክ ሲከሱ ጥፋቱ የእነዚያ ነው። ዲፌንደር አልሙኒየምና ብረት የተጋጠሙበት መኪና ስለሆነ መሐላቸው የሚቀር እርጥበት ከሌላው በላይ ይጎዳዋል። ላንድክሩዘር 60 ከሆነ የፊት መስታወቱን ዙሪያና የጣራውን የውሃ መውረጃ ጠርዝ ለዝገት ፈትሹ። ዝገት ላይ አዲስ ላስቲክ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

መግቢያው ከተዘጋና ምንጣፉ ከደረቀ በኋላ ነው የእርጥበት መጣጩ ጥያቄ የሚመጣው። በጉልበት ከሆነ ጨው ይበልጣል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጨው፣ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ይስባል፤ ሲሊካ ጄል ደግሞ በጣም እርጥብ አየር ውስጥ የክብደቱን ሲሶ ገደማ። ሳጥኑ መጀመሪያ ሲገዛም ይረክሳል። ታዲያ ለምን ጠላሁት? የሳበው ውሃ ሳጥኑ ውስጥ የጨው ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፣ የመስክ መኪና ደግሞ ያጋድላል፣ ይናጣል። የአንዱ ጓደኛዬ ሳጥን ወንበር ስር ፈሰሰ። የወንበሩ ሀዲድ ዛገ፣ የሽቦ መጋጠሚያዎቹ አረንጓዴ ሆኑ። ምንጣፉ ደግሞ ደርቆ አያውቅም፤ ውስጡ የቀረው ጨው ራሱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ከፈሰሰባችሁ በብዙ ንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ብቻ ነው መውጫው። በዚያ ላይ ጨዉ ያልቃል፣ መሙያ በየጊዜው ትገዛላችሁ። ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ፤ እዚያ ጥሩ ነው።

ሲሊካ ጄል አንዴ ይከፈልበታል። ሲጠግብ ፍሬውን በምድጃ 120 ዲግሪ ገደማ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ማድረቅና መመለስ ነው። በጨርቅ የተሰፋ ከሆነ የላዩን መመሪያ አንብቡ፤ የሚቀልጥ ከረጢት አለ። ከጫማ ካርቶን የሚወጡት ትናንሽ ከረጢቶች ለመኪና ምንም አይፈይዱም፤ ቢያንስ ኪሎ ግዙ። ከብርቱካንማ ወደ አረንጓዴ የሚቀየረውን ምረጡ። ከሰማያዊ ወደ ሮዝ የሚቀየረው ኮባልት ክሎራይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል ስላለበት እጅና ምድጃ ላይ አልፈልገውም። ሻጩን ካላመናችሁ ደረቁን መዝኑት፣ እርጥብ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን አሳድሩት፣ መልሳችሁ መዝኑት። ክብደት ካልጨመረ መልሱለት።

ትንሿ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ውበት አላት፤ ዋጋዋም ከኪሎ ሲሊካ በላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የቀን ውሃ መጠን ብዙ ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት የተለካ ነው። ቀዝቃዛ መኪና ውስጥ ያን ያህል አትጠብቁ። 60 ዋት የምትበላ ከሆነ በ12 ቮልት 5 አምፔር ትስባለች። ለ10 ሰዓት ካደረች ከባትሪው 50 አምፔር ሰዓት ሄደ፤ ጠዋት ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። ትልቁን የቤት ማድረቂያ ግን ምንጣፍ ባነሳችሁበት ቀን ተዋሱ። ለመኪና ብቻ ብሎ መግዛት አያዋጣም።

አንድ ነገር ግን ግዙ፦ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ። ርካሽ ነው። ከ60 በመቶ በላይ ሲቆይ ብረት በፍጥነት መዛግ ይጀምራል፤ ቁጥሩን ካያችሁ ሲሊካው መቼ እንደጠገበ አትገምቱም። የሚሠራ ኤሲ ካላችሁ ደግሞ ማድረቂያ አላችሁ። ከማሞቂያው ጋር አብራችሁ ክፈቱት፣ አየሩንም ከውጭ አስገቡ፤ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፉ።

መኪናው ውስጥ ለምታድሩ፦ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ አትግዙ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.6 ኪሎ በላይ ውሃ ይለቃል፤ አየሩንም ይመርዛል። አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣው የናፍጣ ማሞቂያ ዋጋው ከባድ ነው፣ ግን የሚያመጣው ሙቀት ደረቅ ነው። ኪሳችሁ ካልደረሰ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛችሁ በሁለቱም በኩል መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ።