ታጥቦ የተሸጠልኝ ድንች

ከሰፈራችን አትክልት ቤት 10 ኪሎ ድንች ገዛሁ። ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ። አንዷ ለሚዛኑ ናት፤ አያጭበረብርም።

«የኔ እህት፣ ታጥቦ ነው እኮ! ለአፈር አትከፍይም» አለኝ ሻጩ። አፈር ካለበት ድንች ይልቅ በኪሎ 10 ብር ይወደዳል። ይሁን ብዬ ከፈልኩ። ገና ውሃው ያልደረቀውን ድንች ላስቲክ ውስጥ ጨምሮ አፉን ጥብቅ አድርጎ አሰረልኝ።

በ4ኛው ቀን ጓዳ ስገባ ሽታው ተቀበለኝ። ላስቲኩን ፈትቼ አንዱን ሳነሳ ጣቴ ሰመጠ። ልጣጩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አጥሚት ሆኗል። 4 ኪሎ ያህል ጣልኩ።

የሚያናድደው ደግሞ ማይክሮባዮሎጂ የተማርኩ ሰው መሆኔ ነው! ማስተርሴን ስማር ሴሚናር ያቀረብኩት ድንች ስለሚያበሰብስ ባክቴሪያ ነበር፤ ዲኪያ ዳዳንቲ ይባላል። የኔን ድንች የጨረሰው እሱ ይሁን ዘመዱ ፔክቶባክቴሪየም አላስመረመርኩም። ሥራቸው አንድ ነው።

ዲኪያ ሁለት ሽፋን አለው። በሁለቱ መሃል ግሉካን የሚባል ስኳር ያስቀምጣል፤ ከ5 እስከ 12 ግሉኮስ ተያይዞ የሚሠራ ነው። ጨውም ስኳርም የሌለበት ውሃ ውስጥ ሲሆን ግሉካኑን ያበዛል። ጨው ወይም ስኳር የበዛበት ቦታ ሲደርስ ይቀንሳል። እንዲህ ሲባል ውሃ መመጠኛ ብቻ ይመስላል አይደል? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ፈረንሳይ፣ ሊል ያሉ ተመራማሪዎች ግሉካኑን የሚሠሩትን ጂኖች አበላሿቸው። ባክቴሪያው መዋኘት አቃተው። ልጋጋም ሆነ። የድንቹን ሴሎች አያይዞ የሚይዘውን ፔክቲን የሚያቀልጡት ኢንዛይሞቹም ቀነሱ። ድንች ውስጥ ሲከቱት ድንቹ አልበሰበሰም! ለካ ግሉካኑ ሲጠፋ ባክቴሪያው ውስጥ «ሽፋኔ ተነካ» የሚል ደወል ሳያቋርጥ ይጮህ ኖሯል። የደወሉን ጂን ጭምር ሲያጠፉት መዋኘቱ ተመለሰ። ሴሚናሬ ላይ በጣም የወደድኩት ይህን ነበር።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ድንች እርጥብ ሆኖ ሲቆይ የውሃው ስስ ሽፋን አየር ይከለክለዋል። መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ፤ ባክቴሪያውም በዚያው ይገባል። አንድ የበሰበሰ ድንች ከሌሎቹ ጋር ባንድ ገንዳ ከታጠበ ደግሞ ለሁሉም ያዳርሳል። በዚያ ላይ ላስቲኩ ታስሯል።

ሄጄ ነገርኩት፤ ስለ ግሉካኑ እንኳ አላነሳሁም። አልተከራከረኝም። ደንገጥ ብሎ 2 ኪሎ መረቀልኝ። ሁለተኛዋ ኮከብ ለዚያ ናት። የመረቀልኝም ታጥቦ ነበር። ቤት እንደገባሁ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት።