ዊንቦክስ 3፣ ዊንቦክስ 4 ወይስ ብሮውዘር? ስዊች ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ አንድ የማውቃቸው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት መጡ። ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን አወጡና የሁለት ስዊች (ኮምፒውተርና ካሜራ በኬብል የሚገናኙበት ሳጥን) ፎቶ አሳዩኝ። ሁለቱም የማይክሮቲክ ኩባንያ ሥራ፣ ሁለቱም ባለ 24 ፖርት (የኬብል መሰኪያ)። «አንዱ ረከስ ይላል። ምኑ ጎድሎበት ነው?» አሉኝ።

ከፊት ለፊት ስታዩአቸው መንታ ናቸው። ትልቁ ልዩነት ያለው ላፕቶፕ ላይ በሚከፈተው መስኮት ነው። መስኮቱም ቢሆን በቅርቡ መልኩን ቀይሯል። ለጋሼ በቃል የነገርኳቸውን እዚህ በጽሑፍ አስፍሬዋለሁ። ከአዲስ አበባ ዕቃ የምታስመጡ የጅማ ልጆች ብር ከመላካችሁ በፊት አንብቡት።

ርካሹ ሲኤስኤስ 326 ነው፣ ውዱ ሲአርኤስ 326። ሁለቱም 24 ጊጋቢት ፖርት፣ ለፋይበር ደግሞ ሁለት ባለ 10 ጊጋቢት ኤስኤፍፒ ፕላስ ማስገቢያ አላቸው። ሲኤስኤሱን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ስዊች ኦኤስ ብቻ ነው፤ በብሮውዘር ገብታችሁ ታዙታላችሁ። ሲአርኤሱ ግን ሰፋ ያለውን ራውተር ኦኤስንም ስዊች ኦኤስንም ይዟል። በየትኛው እንደሚነሳ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ራውተር ኦኤስ ካላችሁ ዊንቦክስ በሚባለው የማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ትገባላችሁ። ዊንቦክስ ራሱ ነፃ ነው። ስለዚህ የምትከፍሉት ለብረቱ ቢሆንም፣ ለዓመታት የምታፈጡበትን መስኮትም አብራችሁ እየገዛችሁ ነው።

ሳልረሳው፦ ሁለቱም ለካሜራ በኬብል ኤሌክትሪክ አይሰጡም። ያ ከሆነ የምትፈልጉት ሲአርኤስ 328ን እዩ፣ ከ24 ቀጥሎ «ፒ» ፊደል መኖሯን አረጋግጡ። ይህን ሳይጠይቁ ገዝተው ለእያንዳንዱ ካሜራ አዳፕተር ሲለቅሙ የዋሉ ሰዎች አውቃለሁ።

የቆየው መስኮትና አዲሱ

ዊንቦክስ 3ን ያልነካ የኔትወርክ ሰው ጅማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ትንሽ የዊንዶውስ ፋይል ናት። መጫን የለም። ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሁለቴ ክሊክ፣ በቃ። ለ32 ቢት ዊንዶውስ የሚሆን እትምም አላት፤ ይህ ዛሬም ቁም ነገር ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ቢሮ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ኮምፒውተር ዕድሜው ከአስተናጋጁ አይተናነስም። ሊኑክስ ወይም ማክ ያለው ሰው ግን ዋይን በሚባል ፕሮግራም በኩል ዞሮ ነበር የሚከፍታት።

ዊንቦክስ 4 እንደ አዲስ የተጻፈ ነው። የሙከራ እትሙ የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ለዊንዶውስ፣ ለሊኑክስና ለማክ ለየራሳቸው ተዘጋጅቷል። ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ የጫነ ተማሪ በዚህ ምክንያት ብቻ 4ን ቢመርጥ ትክክል ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ለውጥ ለዓይን ነው። ጽሑፉ ጥርት ብሏል፤ በተለይ ጥራቱ ከፍ ባለ ስክሪን ላይ። ጥቁር ገጽታም አለው። ይሄ ቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል። ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በአንድ እጅ ባትሪ ይዛችሁ ስዊች ካቢኔ ሥር ተንበርክካችሁ ከሠራችሁ ግን ቅንጦት እንዳልሆነ ይገባችኋል።

የሚያስቸግረው እጃችሁ የለመደው ነገር ነው። 3 ላይ ኦኬ፣ ካንስልና አፕላይ በቀኝ በኩል አንዱ ከአንዱ ሥር ተደርድረው ነበር። እጄ ሳላስብ ወደዚያ ይሄዳል። 4 ላይ ቦታ ለውጠዋል። አዶዎቹም ተለውጠዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት በሰው ኩሽና ጨው የምፈልግ ነበር የመሰለኝ። ደግነቱ የዋና ዋናዎቹ ሜኑዎች ስም አልተነካም። ብሪጅ (ፖርቶችን አንድ ላይ የሚያስረው) ዛሬም ብሪጅ ነው፣ ኢንተርፌስም ኢንተርፌስ። በ3 የተሠራ የዩቲዩብ ማስተማሪያ ካላችሁ ስሙን ተከትላችሁ ሂዱ፣ «በስተቀኝ ያለውን ተጫኑ» ሲላችሁ ግን አትመኑት።

የወደድኩለት ወርክስፔስ የሚለውን ነው። 3 ላይ ሴሽን ይባል የነበረው ነው፤ የከፈታችኋቸውን መስኮቶች አቀማመጥ በስም ያስቀምጥላችኋል። እኔ ለስዊች ብቻ የማደርገው አንድ አለኝ፦ በግራ የብሪጅ ፖርቶች፣ በቀኝ የቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ የሚከፋፍለው) ሰንጠረዥ፣ ከታች ሎግ (የክንውን መዝገብ)። ደንበኛ ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ሁሉም ተዘርግቶ ይጠብቀኛል።

በሌላ በኩል 4 ከበድ ይላል። ሥዕሉን በግራፊክስ በኩል ስለሚስለው፣ የኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይንፏቀቃል። በአዲሱ ላይ ምንም አይልም። ለዚህ ነው ፍላሼ ላይ 3ም 4ም ያሉት። ሁለቱም አንዱን ስዊች ያዛሉ፣ አይጣሉም። ጋብቻ አይደለም፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መፍታት አያስፈልግም።

ፓስወርድ ማስቀመጥ ለምትወዱ አንድ ምክር። 3 ላይ ማስተር ፓስወርድ ካላደረጋችሁ የተቀመጡት ፓስወርዶች አይመሰጠሩም። ላፕቶፓችሁ ከተሰረቀ የደንበኞቻችሁ ሁሉ በር አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ዝናብ ውስጥ የተማርኳት ቁልፍ

ሁለቱም ዊንቦክሶች ላይ ሴፍ ሞድ የምትባል ቁልፍ አለች። ዓመታት ሙሉ ችላ ስላት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ከቤቴ ሆኜ የአንድ ደንበኛ ስዊች ላይ ቪላን እያስተካከልኩ ነበር። ሰንጠረዡን ሳልጨርስ ቪላን ፊልተሪንግ የሚለውን፣ ሰንጠረዡን ሥራ ላይ የሚያውለውን ሳጥን ምልክት አደረግኩና አፕላይ አልኩ። ስክሪኑ ደረቀ። የራሴን መግቢያ በራሴ እጅ ዘግቼዋለሁ። ክረምት ነበር፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ከጃኬቴ የሚንጠባጠበው ውሃ የእንግዳ መቀበያውን ወለል አጨቀየው። የዘበኛው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሴፍ ሞድን ተጭኜ ቢሆን ኖሮ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስዊቹ ያደረግኩትን ለውጥ በራሱ ይመልሰው ነበር። መቋረጡን እስኪያውቅ 9 ደቂቃ ያህል ሊወስድ ይችላል። 9 ደቂቃ ሻይ መጠጫ ነው። ሲሠራላችሁ ግን ቁልፏን መልሳችሁ ማጥፋት እንዳትረሱ፤ ካልሆነ የተሳካውም ሥራ አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።

አካባቢ ያሉ መሣሪያዎችን የሚዘረዝረው ኔይበርስም በሁለቱም አለ። አይፒ ባይኖር እንኳ በማክ አድራሻ (ከማክ ኮምፒውተር ጋር አይገናኝም፤ የመሣሪያው የፋብሪካ መለያ ነው) ትገባላችሁ። ይህ ከአንድ በላይ ጊዜ አትርፎኛል።

ሌላው የምወደው አንዲት ፊደል ናት። ብሪጅ ውስጥ ፖርትስ የሚለውን ስትከፍቱ ከፖርቱ አጠገብ የላቲኑ «ኤች» ካለች ትራፊኩ በስዊች ቺፑ እያለፈ ነው። ከሌለች በትንሿ ፕሮሰሰር ውስጥ እየተጨናነቀ ነው፣ ጊጋቢት የሚባለውንም እርሱት። ሲአርኤስ 326 ቪላን ፊልተሪንግን በቺፑ ይሠራል፤ ግን ለአንድ ብሪጅ ብቻ። ሁለተኛ ብሪጅ ከፈጠራችሁ «ኤች» ከዚያ ትጠፋለች። በዊንቦክስ ይህን በዓይን ማየት መቻል ለኔ ዋጋ አለው።

ብሮውዘሩስ?

ስዊች ኦኤስ ሌላ ዓለም ነው። 192.168.88.1 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ከላይ የተደረደሩ ትሮች ያሉት አንድ ገጽ ይመጣል፣ ያለው ያ ነው። ራውቲንግ የለም፣ ስክሪፕት የለም። የሚጫን ፕሮግራምም የለም፤ ስልክም ይከፍተዋል።

ጀማሪን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። ቪላን የሚል ትር አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ቪላንስ የሚል። የመጀመሪያው የየፖርቱ ጠባይ የሚወሰንበት ነው፣ ሁለተኛው የትኛው ቪላን በየትኞቹ ፖርቶች እንደሚያልፍ የሚጻፍበት። ልዩነቱ በላቲኑ አንዲት ፊደል ብቻ ነች። አንዱን ሞልቶ ሌላውን የረሳ ሰው «ስዊቹ ተበላሽቷል» ብሎ ይደውላል። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ አፕላይ ኦልን መጫን ነው።

ሴፍ ሞድ እዚህ የለም። ራሳችሁን ቆልፋችሁ ካስወጣችሁ የሚቀራችሁ የሪሴት ቁልፉ ነው። ገጹም በኤችቲቲፒኤስ አይመሰጠርም። ስለዚህ ሲስተም ትር ውስጥ ከየትኛው አይፒ፣ ከየትኛው ፖርትና ከየትኛው ቪላን መግባት እንደሚቻል የሚወስኑትን «አላው ፍሮም» የሚሉ ሳጥኖች ሙሏቸው። እንግዶች ዋይፋይ የሚጠቀሙበት ቤት ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትውጡ።

ዊንቦክስም ከዚህ ነፃ አይደለም። የሚሠራው በ8291 ፖርት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በዚያው ፖርት በኩል ያለ ፓስወርድ የመሣሪያውን የተጠቃሚ መረጃ ማንበብ የሚያስችል ክፍተት ተገኝቶ ነበር፤ በራውተር ኦኤስ 6.42.1 ተደፍኗል። ፖርቱን ለኢንተርኔት ክፍት አትተዉት፣ ሲስተሙንም አድሱ።

ማን የትኛውን ይግዛ?

ስዊቹን ከእናንተ በኋላ የሚነካው ማን ነው? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። ቋሚ የኔትወርክ ሰው ያለው ቢሮ፣ ወይም ብዙ ቅርንጫፍ ከሩቅ የሚያስተዳድር ሰው፣ ሲአርኤሱን ይግዛና በዊንቦክስ 4 ይሥራ። ላፕቶፑ አርጅቶ ከሆነ በ3 ይቆይ፤ የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም። ሦስት ቪላን አንዴ ተሠርቶ ለዓመታት የማይነካበት ቤት ከሆነ ሲኤስኤሱ ይበቃል።

ያገለገለ ዕቃ ለምትገዙ፦ ስሙ በሲአርኤስ 1 ወይም 2 የሚጀምር የቆየ ስዊች በርካሽ ሲመጣላችሁ አትቸኩሉ። እነዚያ ላይ ቪላን የሚሠራው በስዊች ሜኑ በኩል ነው። እንደ አዲሱ ብሪጅ ላይ ፊልተሪንግ ካበራችሁባቸው ያቺ «ኤች» ትጠፋለች፣ ፍጥነቱም አብሯት ይሄዳል። ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ግቡበት።

ለጋሼ ርካሹን ይግዙ አልኳቸው። እንግዳ፣ ቢሮና ካሜራ፣ ሦስት ቪላን ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ካሜራዎቻቸውም የራሳቸው አዳፕተር አላቸው። ማኪያቷቸውን ጨርሰው አዩኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዊንቦክስ ለምን ነገርከኝ?»

«ራውተርዎ ማይክሮቲክ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እሱን በምን ሊከፍቱት ነው?»