«ማንኛውንም ሌብል በ30 ሰከንድ» የሚለውን የሌብል ማስለቀቂያ ፈሳሽ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ባዶ ጠርሙስ ቀለም ቀብታችሁ ወይም ገመድ ጠምጥማችሁ የአበባ ማስቀመጫ የምትሠሩ ሰዎች፣ እኔ ተሸውጃለሁና እናንተ እንዳትሸወዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእህቴ ሠርግ የጠረጴዛ ማስጌጫ የሚሆኑ 12 ጠርሙሶች ሰብስቤ ነበር። መቀባቱ አያስቸግረኝም። የሚያማርረኝ ሌብሉ ነው። ወረቀቱ ይላጥና ሙጫው እዚያው ይቀራል። ጣት ላይ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቀለም አያስይዝም። በዚህ መሀል አንድ የማስታወቂያ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው ፈሳሹን ፊስ ያደርጋል፣ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሌብሉን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲስበው እንደ ሙዝ ልጣጭ ሙሉው ይነሳል። ከሥሩ ጠርሙሱ ያብለጨልጫል። ሁለቴ ሳላስብ አዘዝኩ።

የመጣልኝ አንዲት ትንሽ መርጫና አንድ የሽቦ ብሩሽ ነው። ረጨሁ። 30 ሰከንድ ጠበቅኩ። ከዚያ 5 ደቂቃ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ሌብሉ ወይ ፍንክች! በንዴት የመርጫዋን የራሷን ሌብል በራሷ ፈሳሽ ልልጥ ሞከርኩ። እሱም አልለቀቀም።

ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ነው ዘዴው የገባኝ። ጠርሙሱ ገና ሳይረጭ እርጥብ ነው! ሌብል የሚለጠፍበት ሙጫ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ታጥበው ተመልሰው የሚሞሉ የቢራ ጠርሙሶች ላይ ያለው ወረቀት በአብዛኛው ከስታርች ወይም ኬዚን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን በተሠራ ሙጫ ነው የሚለጠፈው። ፋብሪካው ራሱ ሲያጥበው እንዲለቅለት ስለሚፈልግ ነው። ይህን ዓይነቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ሌላ ሥራ ብትሠሩ፣ ስትመለሱ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ተንሳፍፎ ታገኙታላችሁ። ሌላው ደግሞ እንደ ስቲከር ተልጦ የሚለጠፈው ነው፤ ብዙ የወይን ጠጅ ጠርሙሶች ላይ ያለው ይኼ ነው። ሙጫው አክሪሊክ ወይም ጎማ መሰል ነገር ስለሆነ ውሃ አይበግረውም። የእኔ 12 ጠርሙሶች ሁሉም የዚህ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ሻጩ ያሳየኝ ውሃ ብቻውን የሚያነሳውን ሌብል ነው። የሸጠልኝ ደግሞ «ለማንኛውም» ብሎ ነው። ጭራሽ መስታወቱ ላይ ታትሞ በእሳት የተጠበሰ ጽሑፍ አለ፤ እሱንማ የትኛውም የሌብል ማስለቀቂያ አያነሳውም።

እውነት ለመናገር ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ከልጣጩ የሚገኘው ሊሞኒን የሚባል ዘይት የሚያጣብቅ ሙጫን በደንብ ያሟሟል። ችግሩ ሌብሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ካለ ፈሳሹ ሙጫው ጋ አይደርስም። የላይኛውን ሽፋን መጀመሪያ መላጥ ነበረብኝ። መመሪያው ላይ ይህን የሚል አንድ መስመር የለም።

ደግሞ ጣጣው በዚህ አላበቃም። እንደምንም ፍቄ ካጸዳሁት በኋላ ቀለም ቀባሁ። በማግስቱ የ7ቱ ጠርሙሶች ቀለም በጥፍር ሲነካ እየተገሸለጠ ወጣ። ፈሳሹ ለዓይን የማይታይ ቅባት ትቶ ነበር። ያ የሽቦ ብሩሽም መስታወቱን ጫጭሮታል። ድፍን ቀለም ይሸፍነው ይሆናል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ግን ጭረቱን አይደብቅም።

ከሁሉም ያበገነኝ ግን ማሸጊያው ነው። «100% ተፈጥሯዊ፣ ከኬሚካል ነፃ» ይላል። ሊሞኒን ተፈጥሯዊ ነው፣ ግን ደግሞ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ ቆዳም ያስቆጣል። እንዲህ ያለ ነገር ቀይ ጠርዝ ያለው፣ ውስጡ የእሳት ነበልባል የተሳለበት የማስጠንቀቂያ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ይኼኛው ምልክትም የለው፣ ውስጡ ምን እንዳለም አልተጻፈበት። ገንዘቤን እንዲመልሱ ስጠይቅ «ከተከፈተ አንመልስም» አሉኝ። ሳይከፈት እንዴት ይሞከራል? ይህን ስጠይቅ የውሃ ሽታ ሆኑ።

በመጨረሻ የሠራልኝ ነገር ቤት ውስጥ ነበር። በጸጉር ማድረቂያ ሌብሉን አሞቃችሁ ከአንድ ጥግ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ማድረቂያ ከሌለ ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ ሙሉት፤ ግን ከለብታ ጀምራችሁ። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውሃ ከገለበጣችሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። የቀረውን ሙጫ የምግብ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል ቀላቅላችሁ ቀቡት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ እሹት። ቤኪንግ ሶዳውን ከአቼቶ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። አረፋው ያምራል፣ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉና ለሙጫው የሚተርፍ ነገር የለም።

ፈሳሹን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አትድፉት። ጓንት አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከምድጃና ከሻማ ርቃችሁ፣ ሽፋኑ የተላጠ ሌብል ላይ ተጠቀሙበት። ብሩሹን ግን ጣሉት፤ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ ይሻላል። ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ በአልኮል ወልውሉ። ከመቀባታችሁ በፊት ትንሽ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ወጥ ሆኖ ከተንሸራተተ ቀቡ። እንደ ዶቃ እየተድቦለቦለ ከቆመ ቅባቱ አልለቀቀም፤ ወደ ሳሙናው ተመለሱ።